ታንኳው ዛፍ ተደግፎ ሲደርቅ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ከቶሮንቶ ወደብ ማዶ ወዳሉት ደሴቶች ተሻገርኩ። መንገዱ ሩብ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ልጄ በጀልባው የብረት አጥር ላይ ተንጠላጥላ ወደ ውኃው ስታጎነብስ ሳላስበው «መሐል ላይ ተቀመጪ!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ፤ ድምፁ የአጎቴ ነበርና።

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ወላጆቻችን ከአዲስ አበባ ወደ አባቴ አገር፣ በጣና ሐይቅ ወዳለችው ደሴት ወደ ደቅ ይልኩን ነበር። ከባሕር ዳር የምንነሣው ማለዳ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ከተነሣ ጣና አይታመንም።

ታንኳን በፎቶ የሚያውቀው ብዙ ነው። እኔ የማውቀው ሽታውን ነው፤ እርጥብ ደንገል፣ ጭቃና አሳ። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ ከዚያም እየተጠፈረ ይታሰራል። በውኃ ላይ ሲውል ግን ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ አጎቴ ዳር ሲደርስ ጎትቶ ያወጣውና ዛፍ አስደግፎ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። እኔና ወንድሜ አጠገቡ ቁጢጥ ብለን ጠብ ጠብ የሚለውን ውኃ እንቆጥር ነበር። መቶ ሳንደርስ እንጣላለን።

ሐምሌ 7 እዚያው ደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴ ይነግሣል። ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ከሥዕሎቹ በአንዱ እቴጌዋ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። «ተኝተው ነው?» ብዬ አያቴን ጠየቅኋት። «እየለመኑ ነው፤ ዝም በይ» አለችኝ፤ ነጠላዋን እያጣፋች። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደዚያ ተደፍቻለሁ።

ከደቅ አጠገብ ባለችው ደሴት፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ሴት አይገባም። ወንድሜ ሄዶ የነገሥታቱን አጽም አይቶ ሲመለስ፣ እኔ ከደቅ ዳርቻ ጫካውን ብቻ አይቼ አለቀስኩ። አያቴ ትኩስ የዳጉሳ እንጀራ በአሳ ወጥ አቀረበችልኝና ለሱ ዘግይታ ሰጠችው። ያ ፍርድ እስከ ዛሬ ልቤን ያሞቀዋል።

የአያቴን መርዶ የሰማሁት እዚህ፣ በስልክ ነው። አልቀበርኳትም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መቃብሯን ላይ፣ ልጄንም ለአጎቴ ላሳይ ትኬት ቆርጬ ነበር። ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር ውጊያ ሆነ፤ በረራውም ተቋረጠ፤ ቀረን። የልጄ ሻንጣ ለሳምንታት ከበሩ ኋላ እንደታሰረ ቆየ፤ መፍታት አቃተኝ።

ከደሴቶቹ በተመለስን ማግስት ለአጎቴ ደወልኩለት። ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል አላነሣም። ጉልበቱ ስለደከመ አሁን ታንኳውን ጎትቶ የሚያቆምለት የልጅ ልጁ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ልጄን ጠየቀኝ፤ ቁመቷን፣ ዋና ማወቋን፣ ውኃ ትፈራ እንደሆነ።

«አምጫት» አለኝ። «በጠዋት ከተነሣችሁ ውኃው አይከፋም።»