ከመንገዱ በታች የቀሩት አራት ቤቶች

የቤት ሥራ ማኅበራችን 24 አባላት አሉት፤ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ባለባጃጅ፣ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሁለት አባቶች። እኔን ጸሐፊ ብለው መረጡኝ። ቃለ ጉባኤ መያዝ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ሌሊት አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ መጠበቅም የጸሐፊ ሥራ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት።

መሬቱ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከሳቢያን ሰፈር ወዲያ ነው። ስንረከበው አሸዋ፣ ጥቂት ግራርና የፍየል መሄጃ ብቻ ነበር። በጊዜው በነበረው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ተዋዋልን። 4,000 ካሬ ሜትር ለ24 ቤተሰብ ነው፤ መንገዱ ሲቀነስ ለየራሱ ግቢ የሚበቃ አልነበረም። አርክቴክቱ አራት አራት ቤት ተያይዞ ስድስት ብሎክ፣ ባለ አንድ ፎቅ ይሁን አለ። ስብሰባው በአንድ እግሩ ቆመ። አንዲት እናት ተነሥተው፣ “አንተ ልጅ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ የት ልንተኛ ነው?” አሉት። (ድሬ አንቱታ ብዙ አያውቅም፤ እሱም መልሶ “አንቺ” አላቸው።) ጥያቄያቸው ግን ዲዛይኑን ቀየረው። የኋለኛው ግማሽ ጣሪያ ቆርቆሮ መሆኑ ቀርቶ አርማታ ሆነ፤ ዛሬ በሙቀት ወራት ሰፈሩ በሙሉ ፍራሹን ይዞ የሚወጣው እዚያ ነው።

ቤቶቹ መያያዛቸው ለሙቀቱም ጠቅሞናል። የጎን ግድግዳዎቹ እርስ በርስ ስለሚከላከሉ የከሰዓት ፀሐይ የሚያቃጥለው የየብሎኩን ጫፍ ብቻ ነው። መስኮቶቹን ወደ ሰሜንና ደቡብ ለማዞር ሳይት ፕላኑን አንዴ አስመልሰን አሠርተናል፤ ሦስት ወር ፈጀ፤ አልቆጨኝም።

የሚቆጨኝ ሳናሠራው የቀረነው የቶፖ ቅየሳ (የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚለካው) ነው። ሰርቬየሩ የጠየቀው ክፍያ በዛብን። “ሜዳ መሬት ምን ይቀየሳል?” ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤውም ላይ አለ። የመጀመሪያውን ብሎክ ወለል ፎረማኑ በዓይኑ ገምቶ ከመሬቱ 20 ሳንቲ ከፍ አደረገው። ቆይተን መንገዱን ስናስጠና ሜዳ ያልነው ቦታ በ80 ሜትር ውስጥ 2 ሜትር ከ40 እንደሚወርድ ታወቀ። መንገዱ ደግሞ ራሱ ውፍረት አለው፤ ሴሌክቱ (ከሥር የሚጠቀጠቀው የተመረጠ አፈር) 25፣ ከኮብልስቶኑ ሥር የሚነጠፈው አሸዋ 5፣ ድንጋዩ 10 ሳንቲ። ሲደመር 40 ነው። አራቱ ቤቶች በራሳቸው ደጃፍ 20 ሳንቲ ከመንገዱ በታች ቀሩ።

ከባቡር ጡረተኞቹ አንዱ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ሲፈጅ እዚሁ ከተማ ነበሩ። ጎርፉ ከደንገጎ ተራራ ወገን ተነሥቶ ይመጣል፤ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደረቁ አሸዋ ወንዝ ይሆናል። “እኔ እዚህ አልገባም” አሉ። የእሳቸው ቤት እኮ ሌላው ብሎክ ውስጥ ነበር።

አማራጭ ስላልነበረ የአራቱንም ወለል 40 ሳንቲ በሴሌክት ሞልተን፣ ጠቅጥቀን፣ እንደገና አርማታ አፈሰስን። በሩ ሁሉ ተሰብሮ ከፍ አለ። ሦስት ሜትር የነበረው የምድር ቤቱ ከፍታ ወደ 2.60 ወረደ። ሰርቬየሩ የጠየቀው ገንዘብ ለበሮቹ እንኳ አልበቃም።

ሌላ ስህተት ደግሞ ነበረ። የዚያን ብሎክ ዕጣ መሠረት እንደወጣ አወጣነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ባለዕጣ የራሱን ክፍል ብቻ ይጠብቅ ጀመር። አንዱ ኩሽናውን ያሰፋል፣ አንዷ መስኮት ታዘጋለች፤ የጋራ ግድግዳው ሲገነባ የቆመ አንድ ሰው አልነበረም። ለቀሩት አምስት ብሎኮች “ዕጣ ጣሪያ ሳይመታ አይወጣም” ብለን ወሰንን። ያኔ ሃያውም ሰው የሃያውንም ቤት ይቆጣጠር ጀመር፤ ግንበኞቹ እስኪማረሩ ድረስ።

ስለ አሸዋው ብዙ አልልም። ከደረቅ ወንዝ የሚመጣው አሸዋ ጭቃ አለው፤ በጠርሙስ ውኃ በጥብጣችሁ አሳድሩት፤ ከላይ የሚያርፈው ደለል ከ6 በመቶ ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ። አርማታ ሌሊት 11 ሰዓት ጀምረን ረፋድ ላይ እንጨርሳለን። ከቀትር በኋላ ያፈሰስነው አንድ ሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አወጣ። ከዚያ ወዲህ እርጥብ ጆንያ አልብሰን ሰባት ቀን ሙሉ ውኃ አጠጣን፤ በበርጫ (በጫት) ሰዓት ውኃ የሚያጠጣ ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ከገባን ሁለተኛው ክረምት ላይ በአንዱ ሌሊት ዶፍ መጣ። ባትሪ ይዤ ወጣሁ፤ ጡረተኛው ቀድመውኝ የመንገዱ ቦይ ላይ ቆመዋል። ውኃው በአራቱ ቤቶች ደጃፍ ሳይገባ ወረደ፣ ታችኛው ጥግ ደረሰ፣ ወሰናችንን አለፈ። ሲነጋ ከታች ያሉት ጎረቤቶች መጡ። ቦያችን የሚያልቀው ወሰናችን ላይ ነው፤ ውኃችንን በሙሉ የለቀቅነው እነሱ ደጅ ላይ ነበር። አሁን 60 ሜትር ቦይ በጋራ ለመሥራት እየተነጋገርን ነው። ቅየሳው በዚህ ሳምንት አልቋል፤ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።