የወባ ክትባት ሳይገባ የኩፍኙን መዝገብ ማየት

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት

ወባው በጠናበት ወቅት ስለ ወባ ክትባት ዝግጅት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ፍሪጅ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቀጠሮው ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ምክር ክትባቱ ከ5 ወር ገደማ ጀምሮ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ አራተኛው ከሦስተኛው ከ6 እስከ 18 ወር ቆይቶ ነው። በመደበኛው ፕሮግራማችን ግን ሕፃኑ በ14ኛው ሳምንት ፔንታ 3ን (አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት ሦስተኛ ዙር) ከወሰደ እስከ 9 ወሩ ኩፍኝ ድረስ የመርፌ ቀጠሮ የለውም። እናቲቱ ያልለመደችው ሦስት ምልልስ ተጨመረባት ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የጤና ኬላው መዝገብ ይገለጥ። ፔንታ 1 ከወሰዱት 100 ልጆች ለ9 ወሩ ኩፍኝ 82 ብቻ ከደረሱ 18 በመቶው አቋርጧል። ከ10 በመቶ ካለፈ የጠፉት በየጎጡ ይለዩ፤ የወባውንም የሚያቋርጡት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። የ15 ወሩ ሁለተኛ ኩፍኝ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል፤ ብዙ እናት በ9 ወሩ «ጨረስኩ» ብላ ካርዱን ታስቀምጣለች። ለወባው ከመጀመሪያው ቀን «አራት ነው» መባል አለበት።

እኛ ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። አራሷ ከዚያ በፊት ካልወጣች የሴት ልጇ ፔንታ 1 ከ6 ሳምንት ወደ 80 ቀን ይገፋል፤ ፔንታ 3 አራት ወር ተኩል ላይ ይወድቅና የወባው አንደኛ ወዲያው ይከተላል። ጤና ኤክስቴንሽኗ ይህን አስባ ካልቀጠረች ልጅቷ ትዘለላለች። የ6 ወሩን ቫይታሚን ኤ ከወባው ቀጠሮ ጋር ማገናኘት ግን አንድ ጉዞ ያተርፋል።

የተከፈተ ብልቃጥም ደንብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፒሲቪ (የሳንባ ምች ክትባት) ሲገባ ባለ 2 ዶዝ ብልቃጡ ከብክለት የሚጠብቅ ማቆያ ንጥረ ነገር ስላልነበረው ከተከፈተ ከ6 ሰዓት በኋላ ይጣል ነበር፤ ባለ 10 ዶዝ ፈሳሽ ፔንታ ግን በአግባቡ ከተያዘ እስከ 28 ቀን ይቆያል። የአዲሱ የወባ ክትባትም ደንብ የፍሪጁ በር ላይ ይለጠፍ።

ቅዝቃዜው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። እዚህ የሚፈራው ሙቀቱ ቢሆንም በረዶም ክትባቱን ያበላሻል። አይስ ፓክ (የበረዶ ጥቅሉ) ከፍሪዘር እንደወጣ ካሪየር (የክትባት መያዣ ሳጥን) ውስጥ አይገባም፤ ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ እስኪሰማ ውጭ ይቆይ።

እናቲቱ ከመሄዷ በፊት ልጁን ሊያተኩሰው እንደሚችል፣ አጎበሩም እንደማይወርድ ይነገራት።