ዝነኞቹ ያስረሷቸው የፒንክ ፍሎይድ አልበሞች

የእንግሊዙ የሮክ ቡድን ፒንክ ፍሎይድ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ወደ ሦስት አልበሞች ይሄዳል፤ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»፣ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» እና «ዘ ዎል»። ይገባቸዋል። የሚቆጨኝ በእነሱ ዝና ስለተዋጡት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በ1972 ስለወጣው «ኦብስኪውርድ ባይ ክላውድስ» (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቡድኑ አጭርና ግልጽ ዘፈን መሥራት የተማረው በዚህ አልበም ነው ብዬ አምናለሁ። ያ ትምህርት ባይኖር በዓመቱ የመጣው «ዳርክ ሳይድ» ያን ያህል የጠራ ባልሆነ ነበር።

አልበሙ ባርቤ ሽሮደር ለሠራው «ላ ቫሌ» ለተባለ ፊልም ማጀቢያ ነው። የተቀረጸው ከፓሪስ ወጣ ብሎ ባለው የሻቶ ዴሩቪል ስቱዲዮ ሲሆን፣ ሥራው በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች በሁለት አጫጭር ዙሮች አለቀ። በመሃል ጃፓን ሄደው ኮንሰርት አቅርበዋል። የ«ዳርክ ሳይድ» ሙዚቃ በዚያን ጊዜ ገና አልተቀረጸም እንጂ በመድረክ ይጫወቱት ነበር። ለፊልሙ የተሰጣቸው ጊዜ ግን አንድን ሐሳብ ሃያ ደቂቃ ለማስረዘም አይበቃም። አሥር ሥራዎች አሉበት፤ ስድስት ደቂቃ የሚሞላ አንድም የለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሰው ከሸክላው ሁለተኛ ገጽ ቢጀምር ይሻላል። የመጀመሪያው ገጽ የሚከፈተው ቪሲኤስ 3 በተባለው ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) በሚጎተት አንድ ወጥ ድምፅና ቃል በሌለው ሙዚቃ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው «የፊልም ማጀቢያ ነው» ብሎ እዚያው ይተወዋል። ሁለተኛው ገጽ በ«ቻይልድሁድስ ኤንድ» ይጀምራል። ቀስ እያለ ከሚያድገው ድምፅ ሥር እንደ ልብ ትርታ ያለ ምት ይመጣል፤ ከዚያ ጊታሩ ይገባል። ይህን ሰምታችሁ ሳትቆዩ የ«ዳርክ ሳይድ»ን «ታይም» ክፈቱ፤ ዝምድናቸውን ማንም ሳይነግራችሁ ትሰሙታላችሁ። የባስ ተጫዋቹ ሮጀር ዋተርስ ከቡድኑ እስኪወጣ ድረስ፣ ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር ግጥሙን ብቻውን የጻፈበት የመጨረሻው ዘፈንም ይኸው ነው።

ቀጥሎ «ፍሪ ፎር» አለ። ዜማው ለጭብጨባ የተሠራ ይመስላል፤ ግጥሙ ግን ስለ እርጅና፣ ስለ ሞትና በጦርነት ስለቀረ አባት ነው። የዋተርስ አባት በ1944 ጣሊያን አንዚዮ ላይ ሲገደል ልጁ ገና የወራት ሕፃን ነበር። በኋላ «ዘ ዎል»ን የሞላው ሐዘን በግልጽ የተዘፈነው መጀመሪያ እዚህ ነው፤ ያለ ኦርኬስትራ፣ ያለ ግንብ፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ። እኔ ይህን አጭሩን አብልጬ እወደዋለሁ። ሁለተኛውን ገጽ ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመለሱና «በርኒንግ ብሪጅስ»ን እና «መድመን»ን አከታትላችሁ ስሙ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ዜማ ያለ ግጥም ይዞ ሌላ መንገድ ይወስደዋል። የሪክ ራይት ኪቦርድ ቡድኑን ምን ያህል ተሸክሞት እንደነበር የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

የ1971ዱን «ሜድል» ሰዎች የሚያበላሹት በማዳመጫው ነው። መክፈቻው «ዋን ኦፍ ዚዝ ዴይስ» ሁለት ባስ ጊታሮች አሉት፤ አንዱን ጊልሞር ሌላውን ዋተርስ ይጫወታል፣ ሁለቱም ቢንሰን ኤኮሬክ በተባለ የማስተጋቢያ መሣሪያ አልፈዋል። አንደኛው ባስ ክሮቹ ያረጁ ስለነበሩ ድምፁ የደነዘዘ ነው። ድምፆቹ በግራና በቀኝ ተለያይተው ስለተቀመጡ በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት ይቀላቀሉና ውበቱ ይጠፋል። ኢርፎን የግድ ነው፤ የባስ ማጉያውንም አጥፉት፣ ሁለቱን አንድ ጉርምርምታ ያደርጋቸዋል። ሌላው ችግር በዘፈኖች መሃል የሚገባው ክፍተት ነው። በመክፈቻው የሚነፍሰው ነፋስ ሳይቋረጥ ወደ ሁለተኛው ዘፈን ያልፋል። ኤምፒ3 ፋይል ሲሠራ ግን መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ጥቂት ባዶ ድምፅ ይጨመርበታል፤ ማጫወቻው ያንን ቆርጦ ካላገጣጠመው ነፋሱ መሃል ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ማጫወቻችሁ ያለ ክፍተት የሚያጫውት መሆኑን አረጋግጡ። የድምፅ ከፍታ ማስተካከያውንም በዘፈን ሳይሆን በአልበም ደረጃ አድርጉት፤ አለዚያ ሆን ተብሎ ዝግ ያለው ዘፈን ከኃይለኛው እኩል ይጮህባችኋል።

የ«ሜድል»ን ሁለተኛ ገጽ በሙሉ የያዘው «ኤኮስ» ከ23 ደቂቃ ይበልጣል። መጀመሪያ የምትሰሙት ጠብታ የሚመስል ድምፅ የራይት ፒያኖ ነው፤ ሌስሊ በተባለው ተሽከርካሪ ስፒከር ስላለፈ እንዲህ ሆነ። በመሃል እንደ ባሕር ወፍ የሚጮኸው ደግሞ የጊልሞር ጊታር ነው፤ የጊታሩን ድምፅ በእግር የሚለዋውጠው የዋዋ ፔዳል መግቢያና መውጫ ገመዶች ተገላብጠው ተሰክተዋል። በሸክላ ለምትሰሙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንድ ገጽ ይህን ያህል ሲረዝም መስመሮቹ እንዲበቁ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ስለዚህ አቧራው ጎልቶ ይሰማል። በዚያ ላይ ሸክላው በየ1.8 ሰከንዱ አንዴ ይዞራል፣ ወደ መሃል ሲጠጋ ግን ለዚያው ጊዜ የሚያገኘው የመስመር ርዝመት ያንሳል፤ መርፌው በደንብ ካልተስተካከለ መጨረሻው ይሻክራል። «ኤኮስ» ደግሞ ዝግ ብሎ ጀምሮ ዝግ ብሎ የሚያልቅ ስለሆነ ሁለቱም ችግሮች ስስ ቦታው ላይ ያርፉበታል። ሸክላውን ከመጫወቱ በፊት ጥረጉ፣ የመርፌውንም አቀማመጥ መርምሩ።

የ1977ቱ «አኒማልስ» በሽያጭ የተጎዳ አይደለም፤ የተጎዳው ሰው ሳይጨርሰው ስለሚተወው ነው። የሚተውበትንም ቦታ አውቀዋለሁ ማለት እችላለሁ፦ «ዶግስ» ስምንተኛው ደቂቃ አካባቢ፣ የመጨረሻዋ ቃል ደጋግማ እያስተጋባች ወደ ሲንተሳይዘሩ የምትሰምጥበት። እዚያ ዜማ አትጠብቁ። ጊልሞር የጀመረውን ዘፈን ዋተርስ ተቀብሎ የሚጨርሰው ከዚያ በኋላ ነውና ታገሡት። «ዶግስ»ን በጊታር ለምትጫወቱ፦ ስድስቱንም ክሮች አንድ ሙሉ ድምፅ፣ ማለትም ሁለት ፍሬት ያህል ዝቅ አድርጓቸው። ቀጫጭን ክሮች በዚህ መጠን ሲላሉ ፍሬቱን እየነኩ ይንጫጫሉ፤ አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ክር ግጠሙ።

«ሺፕ» ላይ ደግሞ በመሃል ሙዚቃው ሲረግብ፣ በማሽን የተለወጠ ድምፅ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን መዝሙረ ዳዊት አጣሞ ያነባል፤ እረኛው በጎቹን ወደ ቄራ ይነዳቸዋል። ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳይሰማው ያልፋል፤ በጸጥታ ቦታ ስሙት። በ2022 የወጣው አዲሱ ቅንብር ከበሮውንና ባሱን አጥርቶታል። በእኔ አስተያየት ግን መጀመሪያ የ1977ቱን ስሙ፤ ያ ደረቅና የታፈነ ድምፅ ከግጥሞቹ ቁጣ ጋር ይሄዳል።

«አተም ኸርት ማዘር» (1970) ቀረ። የመጀመሪያውን ገጽ የያዘው ረጅም ሥራ ፍጥነቱ ይዋዥቃል፤ ዋተርስና ኒክ ሜሰን ባሱንና ከበሮውን ከዳር እስከ ዳር ሳያቋርጡ መቅረጽ ስለነበረባቸው ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ሸክላውን ገልብጡና «ሰመር '68»ን ስሙ፤ የራይት ድርሰት ነው፣ የነሐስ መሣሪያዎቹ ከመጀመሪያው ገጽ ይልቅ እዚህ ቦታቸውን አግኝተዋል።