በአጋጣሚ ወይስ በፈጣሪ? ጭቅጭቁን ወደ ውይይት የመለስኩበት መንገድ

አራት ኪሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ዓለም በአጋጣሚ ተገኘ ወይስ በፈጣሪ የሚለውን ክርክር ሳይሰማ አይቀርም። ወዲህ የሳይንስ ካምፓሱ፣ ወዲያ የሥላሴ ካቴድራል። እኛም ከሥራ በኋላ ስንገናኝ ጥያቄው ይነሳል፣ ድምፅ ከፍ ይላል፣ አንዱ አኩርፎ ይሄዳል። ዓለም እንዴት ተገኘ የሚለው ጥያቄ ከኩርፊያ የተሻለ ነገር ይገባዋል። ስለዚህ «አንድ ቅዳሜ እኔ ልምራው» አልኩ።

መጀመሪያ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ከሁሉም በላይ የያዘኝ የዦርዥ ለሜትር ታሪክ ነው። ቤልጂየማዊ የካቶሊክ ቄስ ነው፤ የፊዚክስ ሊቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ዩኒቨርስ እየሰፋ መሆኑን ጻፈ። በ1931 ደግሞ ሁሉም ነገር እጅግ ከታመቀ አንድ ጅማሬ እንደተነሳ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ ቢግ ባንግ የምንለው ነው። በ1951 የሮማው ጳጳስ ፒየስ 12ኛ ሳይንሱን ለፍጥረት ምስክር አድርገው ሲጠቅሱት ግን ለሜትር ደስ አላለውም። ቄስ ሆኖ ሳለ ሳይንስና እምነት እንዳይደባለቁ ይጠነቀቅ ነበር። እኔም ውይይቱን በዚሁ መንገድ ለመምራት ወሰንኩ።

ሕጉ ቀላል ነበር። ማንም የራሱን ከመናገሩ በፊት የሌላውን ሐሳብ ያስረዳል፤ ባለቤቱ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ። ዲያቆን ጓደኛችን የፊዚክስ አስተማሪ የሆነችውን ጓደኛችንን ሐሳብ ወሰደ። «እናንተ ዝም ብሎ በዕድል ሆነ አትሉም፤ በሕግ ሆነ ነው የምትሉት» አላት። ከቢግ ባንግ ተርፎ ከሰማይ ከየአቅጣጫው የሚመጣውንና ተመራማሪዎቹ ፔንዚያስና ዊልሰን በ1964 የያዙትን ደካማ ጨረርም ጠቀሰ። እሷ ደግሞ «አንተ ሳይንስ ያልደረሰበት ክፍተት ውስጥ ፈጣሪን አትፈልግም፤ ሕጉን ማን ሰጠው ነው የምትለው» አለችው። «እንደሱ ነው እህቴ!» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም አልጮኸም።

ሁልጊዜ ጊዜ የሚበላብን የዓለም ዕድሜ ጉዳይ ነበር። በአንድ በኩል የሳይንሱ 13.8 ቢሊዮን ዓመት፣ በሌላ በኩል ከአዳም እስከ ክርስቶስ የሚቆጠረው 5500 ዓመት። ዲያቆኑ ራሱ «ባሕረ ሐሳብ በዓልና ጾም የምናወጣበት እንጂ ኮከብ የምንለካበት አይደለም» ብሎ ዘጋው። ሁሉም ካህን በዚህ ላይስማማ ይችላል፤ እኛ ግን አለፍን።

ቆም ያልነው ካርቦን ላይ ነው። ጀበናው ሥር የሚነደው ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ የእኛም አካል ያለ ካርቦን አይቆምም። ካርቦን የሚሠራው በከዋክብት ሆድ ውስጥ፣ ሦስት የሂሊየም ኒውክለሶች (የአቶም እምብርቶች) ሲዋሃዱ ነው። በ1953 የከዋክብት ተመራማሪው ፍሬድ ሆይል የካርቦን ኒውክለስ 7.65 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የጥቃቅን ቅንጣቶች ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ አንድ የኃይል ደረጃ ሊኖረው ግድ ነው አለ። ያለዚያ ከዋክብት በቂ ካርቦን መሥራት አይችሉም። አሜሪካ በሚገኘው የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ሲፈተሽ እውነትም ተገኘ። ሆይል ሃይማኖተኛ አልነበረም፤ ኋላ ላይ ግን ከፊዚክስ ጀርባ አንድ ታላቅ አእምሮ ያለ እንደሚመስል ጽፏል።

ዲያቆኑ «ታዲያ ይሄ ጥበብ ካልሆነ ምንድን ነው?» አለ። አስተማሪዋ ደግሞ «ይህ ባይሆን ኖሮ እዚህ ተቀምጠን አንጠይቅም ነበር። ደግሞስ ስንት ዩኒቨርስ አይተን ነው ይሄኛው ብርቅ ነው የምንለው?» አለች።

እኔ በፈጣሪ አምናለሁ። ቢሆንም የአስተማሪዋ ጥያቄ ከባድ ነው፤ በአንድ ናሙና ብቻ ዕድልን ማስላት አይቻልም። ስለዚህ 7.65ን እንደ ማስረጃ አልመዘውም። ነገ የጠለቀ ሕግ ቁጥሩን ቢያስረዳው እምነቴ አብሮ እንዲናድ አልፈልግም። በሌላ ወገን ያሉትም ቢሆኑ ቁጥሩን ለማስረዳት ብዙ ዩኒቨርሶች አሉ ሲሉ እስካሁን አንዱንም ያየ የለም። ይህንን ለሁለቱም ፊት ለፊት ነገርኳቸው።

እንዲህ ያለ ውይይት መምራት ለምትፈልጉ የምመክረው ይሄ ነው። ሰው ከአምስት ስድስት አይብለጥ። የሚጠቀሰውን ዓመትና ቁጥር አስቀድማችሁ አጣሩ። ከሁሉም በላይ ግን የሌላውን ሐሳብ የማስረዳቱን ሕግ አትልቀቁ፤ ትልቁን ሥራ የሠራልን እሱ ነው።

ቀጣዩ ርዕሳችን ጊዜ ነው፦ ከጅማሬው «በፊት» ማለት ይቻላል ወይ? የአንስታይን የስበት ቀመሮች መጀመሪያዋ ቅጽበት ላይ ለምን መሥራት እንደሚያቆሙ ዲያቆኑ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ጊዜ ራሱ ፍጡር ነው የሚለውን የአባቶች ትምህርት የምታቀርበው ደግሞ አስተማሪዋ ናት።