ሲሚንቶ ያበሰበሰው በረንዳ

ባለፈው ሐምሌ ስጽፍላችሁ «በረንዳው 6 ጣውላ ቢቀየርለት ሌላ አሥር ዓመት ይሄዳል» ብዬ ነበር። ያንን ሰምታችሁ የራሳችሁን በ6 ጣውላ ልትገላገሉ ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ቆዩ፤ ተሳስቻለሁ። አሁን በረንዳው የለም። ጣውላው ግቢ ውስጥ ተደርድሯል፣ እናቴም ቡናዋን ሳሎን እያፈላች በቀን ሁለቴ ትወቅሰኛለች።

ለአዲሶቹ፦ ቤቱ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። በረንዳውን አባቴ ነው በ1984 ዓ.ም. ያቆመው። 6 ሜትር በ3 ሜትር ይሆናል። ግቢው ወደ ጣና ስለሚያዘቀዝቅ በቤቱ በኩል ከመሬት አንድ ስንዝር፣ በፊት በኩል ደግሞ 80 ሳንቲም ያህል ከፍ ይላል። ከሥር 12 የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በላዩ 6 ተሸካሚ ሞራሌ፣ ከዚያ 44 የዋንዛ ጣውላ። በ2013 ዓ.ም. የፊተኞቹን 4 ቋሚዎች እኔው ራሴ ቀይሬያቸዋለሁ። ይህቺን ያዙልኝ።

ምርመራውን ያደረግኩት ጥቅምት ላይ ነው። በጋ ላይ የበሰበሰ እንጨት ደርቆ ጤነኛ ይመስላል፤ ክረምቱ እንደወጣ፣ ሐይቁም ሞልቶ ግቢው ገና ሳይጠነክር ሲነኩት ግን አይዋሽም። መሣሪያዬ አንድ ካቻቢቴና አንድ ባትሪ ነበር። ጤነኛ እንጨት ላይ የካቻቢቴው ጫፍ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ገብቶ ይቆማል፣ ስትፈነቅሉትም ረጅም ስንጥር ይዞ ይነሳል። የበሰበሰው ያለ ትግል ይገባል፣ ሲፈነቀል ደግሞ አጭር አጭር ሆኖ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል።

ከላይ ጀመርኩ። ጣውላው ሲታይ ያስጠላል፦ ግራጫ ሆኗል፣ ተሰነጣጥቋል፣ ምስማሩ ዝጎ ወጥቷል። ከ44ቱ ግን ካቻቢቴ የገባባቸው ደረጃው አጠገብ ያሉት 6ቱ ብቻ ናቸው። የቀረው ግራጫ ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ነው፤ አንዱን በመላጊያ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ስልገው ከሥሩ ያ የምናውቀው ቡናማ ዋንዛ ወጣ። (አንድ የተሰበረ ምስማር ሳላይ ቀርቼ የመላጊያውን ምላጭ ሸርፌዋለሁ። ከመላግ በፊት በማግኔት ዳብሱት።) ሐምሌ ላይ እዚህ ጋ ነው ያቆምኩት። ከላይ ያየሁትን ቆጥሬ 6 ጣውላ አልኳችሁ።

ጥቅምት ላይ ግን በሆዴ ተስቤ ከሥር ገባሁ። የመጀመሪያው የፊት ቋሚ ላይ፣ ሲሚንቶው ከሚያልቅበት ልክ በላይ ስወጋው ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው። አራቱም የእኔ ናቸው። የአባቴ 8 ቋሚዎች ውስጥ የተበላው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ የሚንጠባጠብበት። የ33 ዓመቱ እንጨት ቆሞ የ4 ዓመቱ ዱቄት ሆነ ማለት ነው።

የሠራሁትን ልንገራችሁ። ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ባሕር ዛፉን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባሁት፣ ካቆምኩት በኋላ ዙሪያውን በኮንክሪት ሞላሁ። የአባቴ ቋሚዎች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ስለነበሩ ያኔ «ሲሚንቶ ተወዶባቸው ነው» ብዬ ነበር። ሰፈራችን ያሉት ሽማግሌ አናጢ መጥተው ቁና ቁና እየተነፈሱ ጎንበስ ብለው አዩትና ሳቁ። «ልጄ፣ እንጨት ውሃ አይገለውም፤ መድረቂያ ሲያጣ ነው የሚሞት» አሉኝ። ወደ ሐይቁም እየጠቆሙ፣ «ታንኳ ነጂውን አላየኸውም? ከውሃ ሲወጣ ደንገሉን አቁሞ ያደርቅ የለም?»

በኋላ ነገሩን ሳጠናው ልክ እሳቸው እንዳሉት ነው። የሚያበሰብሰው ፈንገስ በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አይሠራም። እኔ ግን ለእንጨቱ ጽዋ ሠርቼለታለሁ። ባሕር ዛፉ በጋ ላይ ደርቆ ሲኮማተር በእሱና በኮንክሪቱ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ይፈጠራል፤ የክረምቱ ዝናብ እዚያ ይወርዳል፣ መውጫም የለውም። የተቀባው ዘይት ደግሞ ከላይ ከመጥቆር በቀር ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ስሰነጥቀው ሁለት ሚሊሜትር ላይ ቆሟል። ዝናብ አጥቦ ወደ ሐይቁ የሚወስደው ነገር መሆኑ ሳያንስ! ዳግመኛ አልቀባም። በዚያው ክፍተት ውስጥ ምስጡ የጭቃ መንገዱን ሠርቶ ወጥቷል። ድንጋይ ላይ በተቀመጠው ቋሚ ምስጥ ቢወጣ መንገዱ በግልጽ ይታያል፣ በእጅ ይፈርሳል። የእኔው ግን ተሸፍኖለት ነው የበላው።

ሁለተኛው ግኝት የበለጠ አስደንግጦኛል። ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘው ሞራሌ የተያዘው በምስማር ብቻ ነበር፤ መረሬው (የግቢው ጥቁር አፈር) በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ በረንዳውን ሲያነሳና ሲጥል ምስማሩን ጎትቶታል። ጣቴ በመካከላቸው ገባ። መስከረም ላይ የእናቴ ማኅበር እዚያ ላይ ተቀምጦ ነበር፦ 20 ሰው፣ በ60 ኪሎ ብናስበው 12 ኩንታል። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ውሳኔው እንግዲህ እንዲህ መጣ። የሚቀየረው 5 ቋሚ፣ 2 ተሸካሚና የግድግዳው ሞራሌ ነው። ቋሚ ለመቀየር ከላይ ያለውን በድጋፍ ማንሳት አለብኝ፤ ግድግዳው ጋ ለመድረስ ጣውላው መነሳት አለበት። ሁሉም ከተነሳ ደግሞ «ጥገና» የሚለው ቃል ምን ቀረው? አፈርሰዋለሁ ስላት እናቴ «አባትህ ያቆመውን?» ብላ ዝም አለች። አባቴ የቆረጠው ዋንዛ ግን አይጣልም። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከሐበሻ ጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ሰፊ ጣውላ ገበያ ላይ ፈልጉና ንገሩኝ። ስለዚህ እግሩ አዲስ፣ ወለሉ የአባቴ።

በያጅ ጓደኛዬ ሁሉንም በቱቦላሬ እንድሠራው መክሮኝ ነበር። ዋጋውን ስንደምረው ብረቱ ብቻውን ከእንጨቱ ሁሉ በለጠ፣ ያለ ቀለም ደግሞ በዚህ እርጥበት አይቆይም፤ ተውኩት።

እስካሁን የሠራሁት መሠረቱን ነው። መረሬውን ቆፍሬ 90 ሳንቲም ላይ ጠንካራውን አፈር አገኘሁ፣ ከዚያ በጥቁር ድንጋይና በሲሚንቶ ገንብቼ ከመሬት በላይ አወጣሁት። በእያንዳንዱ ራስ ላይ ጠርዙ በዙሪያው ወደ ታች የታጠፈ ላሜራ አለ፤ ቋሚው የሚቀመጠው በእሱ ላይ ነው። ምስጥ ለመውጣት ከፈለገ ላሜራውን ዞሮ ፊት ለፊቴ ማለፍ አለበት። በግድግዳው በኩልም የራሱ ቋሚዎች ስላሉት በረንዳው ቤቱን አይነካም፤ የአራት ጣት ክፍተት ትቻለሁ። ተሸካሚው ከቋሚው የሚታሰረው በቡሎን ነው። በጣውላና በጣውላ መካከል ባለ 10 ምስማር እያስገባሁ ልኩን እይዛለሁ፤ አባቴ አጥብቆ ነበር የገጠመው፣ ደረጃው ጋ የበሰበሰውም በዚያ ምክንያት ይመስለኛል። ጣውላውን ገልብጬ ነው የምመታው፣ የሥሩ ፊት ገና ፀሐይ አላየም።

የተቸገርኩት በ6ቱ ጣውላ ነው። ለጊዜው ከጣሪያው ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት በግድግዳው ጥግ የደረቀ ባሕር ዛፍ ላስገባ ነው፤ ደረጃው ጋ ግን ዋንዛ ይሁንልኝ እላለሁ። አሮጌ በር ወይም አልጋ የሚያፈርስ ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ 13 ሳንቲም ስፋት ያለው ከሆነ ርዝመቱ ቢያጥርም እቀጥለዋለሁ። እናቴ ለጥምቀት ይድረስ ብላለች።