ከውጪ ያረረ፣ ከውስጥ ያልበሰለ

ሥራ አስኪያጃችን ቅምሻውን መጀመሪያ የያዘው ለዓርብ ነበር። በክርስቲያን ሥጋ ቤት፣ ዓርብ! የባለቤቱ የወንድም ልጅ ነው፤ ቴክሳስ ብዙ ኖሮ ስለመጣ ጾሙን ረስቶት ይሆናል ብለን ዝም አልን። ኋላ ቆራጩ ነው ሹክ ብሎት ወደ ሐሙስ ያስመለሰው።

ነገሩ ብሪስኬት ነው። እኛ ፍሪምባ ብለን ለቅቅል የምናወጣው፣ ምጣድ ላይ ቢወጣ ጫማ የሚሆነው ሥጋ። እሱ በርሜል አስበይዶ፣ ጭስ ማውጫ አስተክሎ፣ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ብቻ አሽቶ ሌሊቱን ሙሉ በጭስ ሊያበስለው ነው። ፍም ላይ የምቆመው እኔ ስለሆንኩ ሌሊቱም የኔ ሆነ።

እንጨቱ ላይ ተነታረክን። እዚያ በብዛት ኦክ ነው የሚያነዱት፤ እዚህ ኦክ የለም። ከከተማ ወጣ ሲል ግን ፕሮሶፒሱን አየና ሊያቅፈው ምንም አልቀረው። ቴክሳስ ሜስኪት የሚሉት የዚሁ ዘመድ ነው። ግጦሹን በልቶ የጨረሰ፣ አርብቶ አደሩ ጠዋት ማታ የሚረግመው እሾህ ለሱ የናፍቆት ሽታ ሆነ። እሺ፣ ይሁን። ጭሱ ግን ኃይለኛ ነው፤ ለፈጣን ጥብስ እንጂ ለአዳር ሲሆን ይመርራል። እሱ ደግሞ ጭሱ እንዳይባክን እያለ ማውጫውን ይከድናል። ነጭ ጭስ ታምቆ ያደረበት የመጀመሪያው ሙከራ ሬት ሬት አለ፤ የግቢው ውሻ እንኳ አሽትቶት ሄደ።

ለቅምሻው ሌሊት፣ እሱ ቤቱ ሲገባ፣ እንጨቱን ውጭ አንድጄ ፍሙን ብቻ በአካፋ እያስገባሁ ማውጫውን ክፍት ተውኩት። ጭሱ ሳሳ፣ ወደ ሰማያዊ ሄደ። ሥጋው 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ለሰዓታት ንቅንቅ አይልም፤ የሚወጣው ላቡ ራሱን ያቀዘቅዘዋል። በስልክ "እሳት ጨምር!" አለኝ። "ጨመርኩ" አልኩት። አልጨመርኩም። ሲላቀቅ በወረቀት ጠቅልዬ 95 ላይ አወጣሁት። ጠዋት ከፍቶ አየውና "አየህ፣ ዋናው መክደኑ ነው" አለኝ።

ቅምሻው ላይ ከተጠሩት አንዱ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ የቤቱ የጥንት ደንበኛ ነው። ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ስለደረሰ የተቆረቆረች ናትና የባቡር ሰው ድሬ ላይ በቀላሉ የሚታለፍ ዳኛ አይደለም። ቁራጩን በጣቱ አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን ያዘው። ቅርፊቱ ጥቁር፣ ከሥሩ ቀጭን ቀይ መስመር፣ ከዚያ ግራጫው።

"ከውጪ አሯል" አለ። ገልብጦ አየው። "ከውስጥ ደግሞ አልበሰለም። አቦ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት ቻላችሁት?"

"አይ አባባ፣ እርስዎ ያዩት ቅላት ጭሱ ሥጋው ውስጥ ሲገባ የሚያመጣው ቀለም ነው። በስሏል፤ 12 ሰዓት ሙሉ እሳት ላይ ነው ያደረው።"

ድሬ ተወልዶ ያረጀን ሰው አንቱ ማለት ጠብ መፈለግ ነው። ሽማግሌው ሥጋውን መልሶ አስቀመጠ።

"እኔ በ12 ሰዓት 300 ኪሎ ሜትር አልፌ፣ ጅቡቲ ገብቼ ሻይ እጠጣ ነበር። ዋሪያ፣ አዋዜ የለም?"

"ቴክሳስ ሎክሃርት በምትባል ከተማ ስልስ ቢጠይቁ የማይሰጥ ቤት ነበር። ሹካም አይሰጡም ነበር። ጥሩ ሥጋ ማባያ አይፈልግም ብለው ነው።"

"ሹካ ካልሰጡማ ሰዎቹ እንደኛ ናቸው። አዋዜውን ግን እንዴት ረሱት?"

ሳቄን ለማፈን ዞር ብዬ የጠፋውን ፍም አራገብኩ። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ ጓዳ ገብቼ አዋዜውን አመጣሁ። ሥራ አስኪያጁ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። ሽማግሌው ነክሮ ጎረሰ፣ ሌላ ቁራጭ አነሳ፣ ምንም አላለም። ጥቅል ጎመኑን በማዮኔዝ ግን ማንም አልነካውም። ቦሎቄው በስኳር እንዲሠራ ነበር የታዘዘው፤ እኔ በበርበሬ ሠርቼ፣ ይጣል የተባለውን የፍሪምባውን ጥቁር ጠርዝ ከትፌ ጨመርኩበት። ሳህኑ በዳቦ ተጠርጎ ተመለሰ።

አሁን ሜኑው ላይ "ብሪስኬት በድሬ አዋዜ" የሚል አለ። የማን ሐሳብ እንደሆነ ስብሰባ ላይ ሰምቻለሁ። አዲስ ልጅ ፍም ላይ ሲመደብ "አለቃህን እሺ በለውና የምታውቀውን ሥራ" እያልኩ እመክራለሁ፤ ሲቀናህ የሚታወሰው እሺታህ ብቻ መሆኑን ግን አልነግረውም።

ሽማግሌው አሁንም ይመጣል። ጥሬ ሥጋውን በሚጥሚጣ ያዝዛል፣ ቀጥሎ "ያቺን ቦሎቄ" ይላል። ፍሪምባውን ዳግም አልቀመሰውም። ሥራ አስኪያጁ ግን እንግዳ ሲያስገባ በአገጩ ወደሱ እየጠቆመ "የብሪስኬታችን የመጀመሪያው ደንበኛ" ይላል፤ ሽማግሌውም አፉን ቦሎቄ ስለሞላው አይመልስለትም።