ፍልሰታን የተሻገረ እንቁላል

ዶሮ ጾም አታውቅም። እኛ ፍልሰታን ስንይዝ የኔዎቹ አምስት ዶሮዎች መጣላቸውን አያቆሙም፣ እንቁላሉ ዝም ብሎ ይከመራል። የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ግቢው ጭቃ ነው፣ በእግራቸው ይዘውት ገብተው እንቁላሉን ይለቀልቁታል።

አምና ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ሁሉንም በቧንቧ ውሃ አጥቤ ደረደርኩ። ነሐሴ 16 ጠዋት ለፍርፍር ስሰብር ሦስተኛው ገምቶ መጥበሻው ላይ ፈሰሰ። ሽንኩርቱም ዘይቱም አብሮ ተደፋ። የቤቱን ሽታ አልነግራችሁም።

ለካ ጥፋቱ ማጠቤ ነው። ቅርፊቱ በዓይን የማይታዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት፣ ዶሮዋ ስትጥለው ላዩ ላይ የሚደርቀው ስስ ሽፋን ነው የሚደፍናቸው። ሲታጠብ ሽፋኑ ይሄዳል። በቀዝቃዛ ውሃ ሲሆን ይባስ፣ ውስጡ ስለሚኮማተር ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይስባል።

ዘንድሮ ገለባውን ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ፣ በቀን ሁለቴ እለቅማለሁ። ትንሽ ጭቃ ካለበት በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። በጣም የቆሸሸው ተለይቶ ወዲያው ለልጆቹ ይቀቀላል፣ እነሱ አይጾሙ። የቀረው ላይ ቀኑን በእርሳስ ጽፌ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ፣ በሩ ላይ ሳይሆን መሀል መደርደሪያው ላይ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። አንዴ ከገባ እስኪበስል አይወጣም፣ ውጭ ሲቀመጥ ያልበዋል፣ እርጥበቱ ደግሞ ለጀርም ይመቻል።

ጎረቤቴ እትዬ ጆሯቸው ላይ ነቅንቀው ነው የሚለዩት። እኔ ውሃ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ከተንሳፈፈ አርጅቷል። ግን ይሄ ዕድሜውን እንጂ ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ጀርም ይኑርበት አይኑርበት አይናገርም። ወንድሜ ጂም ከጀመረ ወዲህ ጥሬውን በወተት መትቶ ይጠጣል፣ ተው ብለው አልሰማ አለ። እኔ አስኳሉ እስኪጠጥር ነው የማበስለው። እዚህ ከፍታችን ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ቅቅሉን ትንሽ አቆየዋለሁ።

ዘንድሮ ነሐሴ 16 አንድ በአንድ ሲኒ ላይ እየሰበርኩ ነው ወደ መጥበሻው የገለበጥኩት። አንድ ብቻ ተንሳፎ ተጣለ፣ እሱም ቀን ያልተጻፈበት፣ አንዷ ጉደኛ ቡናው ሥር ተደብቃ የጣለችው።